በሩ ላይ የዋልኩበት እሁድ

በእንግድነት በሄድኩበት ቤት ከውጭ ተቆልፎብኝ ያውቃል ብላችሁ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ «ምን አጥፍተሽ?» ብላችሁ መሆኑን አውቃለሁ። ምንም አላጠፋሁም። እንዲያውም እንደዚያ ቤት ሰዎች ያከበረኝ፣ እንደነሱ «ብይ፣ ጨምሪ፣ ደግሞ ይሄን ቅመሺ» እያለ ያጨናነቀኝ ሰው በሕይወቴ አላጋጠመኝም። ከተቀያየምናቸው ሰዎች ቢመጣብኝ እንዲህ ባልደነገጥኩ።

ሰላማዊት እባላለሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ። ያን ጊዜ ሠላሳዎቹን ገና የጀመርኩ፣ ያላገባሁ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር እናቴ «ዘንድሮስ?» የምትለኝ ሴት ነበርኩ። ሪማ የምትባል የቤይሩት ልጅ እኛ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት አስተምራለች። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው። በዓል በመጣ ቁጥር እኛ ቤት ትውል ስለነበር እናቴ «ሪምዬ» ነበር የምትላት። ኮንትራቷን ጨርሳ ስትሄድ አየር ማረፊያ ላይ አቅፋኝ አለቀሰች። «በክረምቱ መጥተሽ ቤታችን ካልተቀመጥሽ አኩርፌሻለሁ» ብላ አስማለችኝ።

እኔም በክረምቱ ተነሳሁ። ቤይሩት ለሽርሽር ልሄድ ነው ስል የሰፈሩ ሰው ያለኝን አትጠይቁኝ። ጎረቤታችን «ኤጀንሲው የቱ ነው? ለእህቴ ልጅ እንድጠይቅላት» አሉኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ «ማዳምሽ እንዴት ናት? ልጆች አሏት?» አለችኝ። ለእረፍት ነው የምሄደው ስላት ሳቀችና «እሺ፣ ካልነገርሽኝ አልነገርሽኝም» ብላ ፊቷን አዞረች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

የሪማ ወላጆች የሚኖሩት ሲን ኤል ፊል በሚባለው የከተማው ዳርቻ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቷን ታንት ኖሃ፣ አክስቴ ኖሃ እንደማለት፣ እላታለሁ፤ ክብ ፊት ያላት፣ ስትስም ሦስቴ የምትስም፣ ፈረንሳይኛዋ ከእኔ የሚያምር ሴት ናት። አባቷ ጆርጅ ጡረታ የወጣ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። የመጀመሪያው ቀን በሩን የከፈተችልን ግን አራተኛዋ የቤቱ ሰው ነበረች። ቀጭን፣ ፀጉሯን በሻሽ የጠቀለለች፣ ሻንጣዬን ሳልሰጣት የተቀበለችኝ።

«ሮዛ ናት» አለችኝ ታንት ኖሃ፣ ትከሻዋን አቀፍ አድርጋ። «ያገርሽ ልጅ። እንደ ልጃችን ናት፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ከሪማ ለይቼ አላያትም።»

በአማርኛ «እንዴት ነሽ?» አልኳት። «ደህና ነኝ፣ ሚስ» ብላ መሬት መሬት አየች። ስሟ ዘሃራ መሆኑን፣ የሐይቅ አካባቢ ልጅ መሆኗን፣ እዚያ ቤት ሦስት ዓመት ማስቆጠሯን የነገረችኝ ኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ሲኖር «ሚስ»፣ ሰው ሳይኖር «እትዬ ሰላም» ሆንኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት እንዴት ደስ ይል ነበር። ጠዋት ባሕር፣ ከሰዓት የድሮ ከተማ፣ ማታ ሰገነት ላይ ፍራፍሬ። እኛ ወጥተን ስንመለስ ዘሃራ በሩን ከውስጥ ስትከፍት አላየኋትም፤ ሁሌ ታንት ኖሃ ነበረች ከቦርሳዋ ቁልፍ አውጥታ የምትከፍተው። ልብ አላልኩትም፤ ማን ልብ ይላል? አንድ ቀን ሪማን «ዘሃራ ለምን ባሕር አብራን አትመጣም?» አልኳት። «መውጣት አትወድም፤ ዓይን አፋር ናት» አለችኝ። እውነቷን ይመስለኝ ነበር፤ ለእሷም እውነት ይመስላት ነበር።

ቅዳሜ ማታ ታንት ኖሃ ጥሬ ሥጋ ከስንዴ ጋር ተፈጭቶ የሚሠራ ምግባቸውን አቀረበች። ሪማ «ጥንቃቄ አድርጊ፣ ለእንግዳ ይከብዳል» ስትለኝ፣ እኔ የክትፎ አገር ልጅ ነኝ ብዬ ጉራዬን ነፋሁ። ሁለት ሳህን በላሁ። ሌሊቱን ሆዴ ጉራዬን አስተፋኝ።

እሁድ ጠዋት ቤተሰቡ ተራራ ላይ ባለው መንደራቸው የዘመድ ልጅ ክርስትና ነበረው። እኔም ተጠርቼ ነበር፤ ቀሚሴ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። ግን ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ታንት ኖሃ መጥታ ግንባሬን ነካችኝ። «ሀቢብቲ፣ ውዴ፣ አንቺ ተኚ። ሮዛ ትኩስ ነገር ታፈላልሻለች። ማታ እንመጣለን» አለችኝ። ሪማ ቀርታ ልታስታምመኝ ፈልጋ ነበር፤ እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት። ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኜ ሽቷቸው ሲያልፍ፣ በሩ ሲዘጋ፣ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ቁልፉ ሲዞር መስማቴን ያስታወስኩት ግን ኋላ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ዘሃራ የአኒስ ሻይ ይዛልኝ ገባች። ብርጭቆውን አስያዘችኝ፣ ትራሴን አስተካከለች፣ መጋረጃውን ዘጋች።

«ጠጪና ተኚ እትዬ ሰላም» አለችኝ። «በሩን ልዝጋልሽ፤ እኔ ወጥ ቤት ስንጎዳጎድ እንዳልረብሽሽ።»

«ኧረ አትረብሺኝም፤ ክፍት ይሁን።»

«ልዝጋው። ብትነቂም አትነሽ፤ ላቡ ይውጣልሽ።»

እንዲህ አጥብቃ ተናግራኝ አታውቅም ነበር። ከዚያ ዝቅ አለችና ትከሻዬን ሳመችኝ። «አፉ በይኝ» አለች።

«ምን አድርገሽኝ?» አልኳት እየሳቅኩ።

«እንዲያው ነው። አፉ በይኝ።»

«አፉ ብዬሻለሁ፤ በቃ?»

በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች። ሻይዬን ጠጥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ተኛሁ ማለት ዓይኔን ጨፈንኩ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ የወሎ ሰው የሆኑ አባባ ሰይድ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። ሐጅ ሊሄዱ ሲሉ ያን ቀን በየቤቱ እየዞሩ፣ እኛንም ሕፃናቱን ሳይቀር፣ «አፉ በሉኝ» ሲሉ አስታውሳለሁ። እናቴን ምን አጥፍተውን ነው ስላት፣ «መንገድ የሚሄድ ሰው፣ መመለሱን የማያውቅ ሰው እንዲህ ይላል» ብላኝ ነበር።

ዓይኔን ገለጥኩ። ዘሃራ የት ልትሄድ ነው?

በባዶ እግሬ ተነሳሁ። ሳሎኑ ጸጥ ብሏል። ወጥ ቤት ሰው የለም። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ልብስ የሚሰጣበት ጠባብ ሰገነት አለ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረግኩት።

ሁለት አንሶላ ተገምዶ የሰገነቱ ብረት ላይ ታስሯል። ዘሃራ አንድ እግሯን ከብረቱ ወዲያ ማዶ አድርጋለች። አንዲት የፕላስቲክ ከረጢት በሻርፕ ጀርባዋ ላይ አዝላለች። ከታች አምስት ፎቅ ወርዶ የመኪና ማቆሚያ ሲሚንቶ ይታያል።

ልጮህ ነበር፤ ድምፄን ዋጥኩት። ደንግጣ እጇን ብትለቅስ? ክፍል ውስጥ ሕፃን ወንበር ላይ ቆሞ ሳገኝ በምናገርበት ድምፅ፣ ቀስ ብዬ፣ «ዘሃራ» አልኳት።

ዞራ አየችኝ። አልደነገጠችም፤ ተቆጣችኝ። «ተኚ ብዬሽ አልነበር?»

«እግርሽን መልሺ።»

«አራተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች ባሕር ማዶ ሄደዋል። እነሱ ሰገነት ላይ ብቻ ነው የምወርደው። ከነሱ ወደ ሦስተኛ። ሦስተኛ ፎቅ ያገራችን ልጅ አለች፣ በሩን ትከፍትልኛለች። ተነጋግረናል። ሂጂ ተኚ፣ አላየሁም በይ።»

«መውጣት ከፈለግሽ በበሩ ውጪ እንጂ፣ ዘሃራዬ። ማንም የለም እኮ።»

«በሩ ተቆልፏል።»

«እኔ እያለሁ እንዴት ይቆለፋል?»

ያን ጊዜ ያየችኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ንዴቷ ጠፋና አዘነችልኝ። ብረቱ ላይ ተንጠልጥላ፣ እሷ ለእኔ አዘነች።

«አንቺም ተቆልፎብሻል እትዬ ሰላም። ባለፈው ገላሽን ስትታጠቢ ማዳም ለዳቦ ወርዳ ቆልፋብን ነበር። አላወቅሽም።»

አላመንኳትም። እንዳላመንኳትም ነገርኳት፤ ሌላ የምላት ነገር አልነበረኝምና በዚያው ተጠቀምኩበት። «ነይ አብረን እንይ» አልኳት። «ክፍት ከሆነ በበሩ ትወጫለሽ። ከተቆለፈ እኔ አስከፍተዋለሁ። እምልልሻለሁ፣ በበሩ ነው የምትወጪው።»

እጄን ዘረጋሁላት። ከታች አንድ መኪና ሲገባ፣ ሾፌሩ ወርዶ በሩን ሲዘጋ፣ ሲሄድ ሰማን። ቀና ብሎ አላየም። ከዚያ በኋላ እግሯን መለሰችና እጄን ያዘች። እጇ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ወደ ውስጥ ስስባት ሁለታችንም የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ላይ ወደቅን።

ተደጋግፈን ወደ በሩ ሄድን። እጀታውን ሳብኩት። ገፋሁት። በትከሻዬ ሞከርኩት። ዘሃራ ግድግዳውን ተደግፋ ታየኛለች። በሩ ወፍራም ነው፣ ንቅንቅ አላለም። እኔ አስተማሪዋ፣ ተከብሬ የመጣሁት እንግዳ፣ በጠራራ ፀሐይ ሰው ቤት ተቆልፎብኝ ቆሜያለሁ። የመጀመሪያ ስሜቴ ሳቅ ነበር፤ ከዚያ ዞሬ ዘሃራን አየኋት። እሷ በዚህ ዓይነት ሦስት ዓመት?

ስልኬን አንስቼ ሪማ ጋ ደወልኩ።

«ሪማ፣ በሩ ተቆልፏል።»

«ምን?»

«በሩ። ከውጭ ተቆልፎብናል።»

ወደ እናቷ ዞራ በአረብኛ ጠየቀቻት። መኪናው ውስጥ ሳቅ ሰማሁ፤ የታንት ኖሃ የሚያምር ሳቅ። «ኦ ሰላም፣ ይቅርታ» አለችኝ ሪማ፣ እሷም እየሳቀች። «ማማ እጇ ለምዶባት ነው። አንቺ መኖርሽን ረስታ ሮዛ ብቻ እንዳለች ሆኖ ነው የታያት። እንዴት ያሳፍራል!»

«ሮዛ ብቻ ብትሆንስ?»

«እ?»

«እሳት ቢነሳ፣ ሮዛ ብቻ ብትሆን?»

«ምን እሳት አመጣው?» አለችኝ። ሳቋ ቆመ። «ሰላም፣ እዚህ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። ለራሷ ደህንነት ነው። ቆይ፣ ናጡሩ ትርፍ ቁልፍ አለው፤ አሁን እደውልለታለሁ። ትንሽ ንፋስ ትቀበያለሽ።»

ናጡር የሚሉት የሕንፃውን ዘበኛ ነው። ስልኩን ዘግቼ በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዘሃራም አጠገቤ ተቀመጠች፤ ከረጢቷን ከጀርባዋ አላወረደችውም።

«ለምን ዛሬ?» አልኳት።

«ኮንትራቴ ካለቀ ቆየ። ከገና በኋላ አሉኝ። ከፋሲካ በኋላ አሉኝ። አሁን ደግሞ ሰይፉ ይለፍ፣ እንግዳ አለብን አሉኝ።» ሰይፍ በአረብኛ በጋ ነው፣ በእኛ ክረምት የሚውል፤ እንግዳዋ ደግሞ እኔ ነኝ። «የእናቴ ዓይን እየጠፋ ነው እትዬ ሰላም። አንደኛው ፈጽሞ ጠፍቷል። ሁለተኛው ሳይጠፋ እንድታየኝ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ወላሂ።»

«አብሽሪ» አልኳት፣ በሷው አገር አነጋገር አይዞሽ ማለቴ ነው።

ናጡሩ መጣ። አቡ ሐሰን ይባላል፣ ወገቡ የጎበጠ ሽማግሌ። ቁልፉ ሁለቴ ዞረ፤ በሩ ተከፈተ። ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ አክብሮ ሰላምታ ሰጠኝ፣ ፈገግ ብሎ እንዳልፍ መንገድ ለቀቀልኝ። አንድ እግሬን ደፉ ላይ እንዳደረግኩ ለዘሃራ በአረብኛ አንድ ነገር ነገራት። እኔ አረብኛ አልችልም፤ እሱ ፈረንሳይኛ አይችልም። አስተርጓሚያችን ዘሃራ ነበረች።

«ምን አለ?»

«‹ሚስ ትውጣ፣ እኔ መልሼ ልቆልፍ› ይላል።»

«እሷም ከእኔ ጋር ትወጣለች በይው።»

ተረጎመችለት፤ መልሱን ሰማች። «‹ማዳም ስለሷ ምንም አላዘዘችኝም› ይላል» አለችኝ። ስለ ራሷ እንደ ሌላ ሰው ነበር የምታወራው፤ ፊቷ ላይ ምንም አይታይም።

ሰውዬውን አየሁት። ክፉ ሰው አልነበረም። ደረጃው ሥር ባለች ክፍል ከሚስቱ ጋር የሚኖር፣ ማዳም ከተቆጣችው ክፍሏን የሚያጣ ሰው ነው። እጁ ቁልፉን ይዞ ይጠብቃል። እኔ ወጣሁ ማለት እሱ ቆለፈ ማለት ነው። አንሶላው ደግሞ ገና ከብረቱ አልተፈታም።

እና ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን ወደ ኮሪደሩ ዘረጋሁ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁ። በቢጃማ ነኝ፣ ፀጉሬ አልተበጠረም። አቡ ሐሰን መጀመሪያ ያመመኝ መስሎት ውኃ ሊያመጣ ሮጠ። ሲመለስ ያው ነኝ። ለመነኝ፤ በልጆቹ ስም ለመነኝ። ዘሃራ አንድ በአንድ ተረጎመችልኝ። በመጨረሻ ማዳም ጋ ደውሎ ስልኩን ሰጠኝ።

«ሀቢብቲ፣ ምን ሆነሻል?» አለች ታንት ኖሃ። «ብትወጣ ትጠፋለች፣ ያኒ አታውቂያቸውም። በሕግ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። መንገድ ላይ መኪና ቢገጫት የሚጠየቀው ማን ነው?»

«ታንት ኖሃ» አልኳት፣ «የጀርባው ሰገነት ላይ አንሶላ ታስሯል። ልትወርድበት ነበር። እግሯን አሻግራ ነው ያገኘኋት።»

የመኪናው ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ «የትኛው አንሶላ?» አለችኝ።

ስለዚህ ጥያቄ ብዙ አስቤያለሁ። ከክፋት የወጣ አይመስለኝም። ሰው ሲደነግጥ አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል። ነገር ግን የመጣላት እሱ ነበር። «ክርስትናውን ትተን እንመለሳለን» ስትል ሰማሁና ስልኩን ለአቡ ሐሰን መለስኩለት።

መንደሩ ሩቅ ነበር። ጠበቅን። መብራት ጠፍቶ ደረጃው ጨለመ፤ አሳንሰሩ ቆመ። ማዶ ያሉት ጎረቤት በራቸውን ከፍተው አዩን፣ ቀስ ብለው መልሰው ዘጉት። ሆዴ ደግሞ ጊዜ አይመርጥም፤ መጸዳጃ ቤት መሄድ ነበረብኝ። ከተነሳሁ በሩ ይዘጋል ብዬ ሻንጣዬን ጎትቼ አመጣሁና ደፉ ላይ አጋደምኩት። አቡ ሐሰን ይሄን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ተስፋ ቆርጦ ደረጃው ላይ ከእኛ ጋር ተቀመጠ።

«አሁን ተከፍቷል እኮ» አልኳት ዘሃራን። «ለምን ዝም ብለሽ አትሄጂም?»

«ሮጬ ብሄድ ሰርቃ ጠፋች ብለው ይከሱኛል። ፓስፖርቴም እነሱ ጋ ነው። በአንሶላው ስወርድ ይሄን ሁሉ ረስቼው አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው። አሁን ምስክር አለችኝ። እነሱ እያዩኝ፣ ሳልሮጥ እወጣለሁ።»

ሲመጡ በመጀመሪያ የሰማነው የጆርጅን ማለክለክ ነው፤ አምስቱን ፎቅ በእግሩ ወጥቶ። ሁሉም የክርስትና ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው። ሪማ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል። «ሕንፃው ሁሉ እያየ፣ ሰላም» አለችኝ፤ «እኔን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» ታንት ኖሃ እኔን አልፋ፣ ሻንጣውን ተሻግራ፣ ቀጥታ ወደ ጀርባው ሰገነት ሄደች። ስትመለስ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«ትሞቺ ነበር» አለች ዘሃራን። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ለምን እንዲህ ታደርጊኛለሽ?»

ሪማ ወደ ዘሃራ ቀረብ ብላ በልስላሴ ጠየቀቻት። በአረብኛ ነው፤ ዘሃራ ከመመለሷ በፊት ለእኔ ትተረጉምልኝ ነበር፣ እኔ እንግዳዋ እንዳይቀርብኝ። «‹ማንም መትቶሽ ያውቃል? አስርቦሽ ያውቃል?› ትለኛለች።» ከዚያ ወደ ሪማ ዞራ «ላ፣ ሚስ» አለቻት። «ማንም አልመታኝም። እናቴ ጋ መሄድ ነው የምፈልገው። ጠይቄያለሁ። ኸላስ።»

ሪማ ወደ እናቷ ዞረች። «ጠይቃሽ ነበር?»

«ከሰይፉ በኋላ ብያታለሁ» አለች ታንት ኖሃ። «እምቢ መቼ አልኳት?»

ጆርጅ ወደ መኝታ ቤት ገባና የዘሃራን ፓስፖርት ይዞ ወጣ። ለሷ ይሰጣታል ብዬ ስጠብቅ አልሰጣትም፤ አጠገቧ ቆማ እያለ አልፏት መጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። የሰው ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው «ይኸው» አለኝ። ተቀብዬ ለዘሃራ ሰጠኋት። ገልጣ ፎቶዋን አየች፣ ዘጋችው፣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «በሉ አፉ በሉኝ» አለች በአማርኛ፣ ለሁሉም። ማንም አልገባውም፤ እኔ አልተረጎምኩላቸውም።

በጨለማው ደረጃ ወረድን፤ ሻንጣዬን አቡ ሐሰን ያዘልኝ። የሕንፃው በር ላይ ስንደርስ ዘሃራ ቆመች። ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ አላወቀችም። «ይሄን መንገድ ከላይ ነው የማውቀው» አለችኝ። ማዶ ትንሽ ሱቅ አለች። ቤይሩት ውስጥ ሰው ከሰገነቱ ቅርጫት በገመድ ሲያወርድ ባለሱቁ የጠየቀውን ይጨምርለታል፤ ዘሃራም ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሱቅ የገዛችው እንዲያ ነው። ባለሱቁ ራሰ በራ ሰው ነው፣ ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ቀርባ «መርሃባ» አለችው። ሰውዬው ድምጿን ሲሰማ መጀመሪያ ቀና ብሎ ወደ አምስተኛው ፎቅ ነበር ያየው። ከዚያ ዓይኑን አውርዶ ፊት ለፊቱ ሲያገኛት ከወንበሩ ተነሳ። እሷም ትክ ብላ አየችው።

«ይሄ ነው እንዴ ፊቱ» አለችኝ። «እኔ አናቱን ብቻ ነበር የማውቀው።»

እኔ ያለቀስኩት እዚያ ነው። እሷ አላለቀሰችም።

የቀሩኝን ቀናት ናባዓ በሚባለው ሰፈር፣ የሦስተኛ ፎቋ ልጅ ዘመዶች በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ አሳለፍን። ስድስት ሆነን ነው። ሴቶቹ አልጋውን ለእኔ ለቀው መሬት ተኙ፤ እምቢ ብል አልሰሙኝም። ጆርጅ የመውጫ ወረቀቷን ለማስጨረስ አብሯት ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተ። ይሄንን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። ዘሃራ ከእኔ በኋላ ተሳፈረች። እናቷ በቀረላት ዓይን እንዳየቻት፣ «ጠቁረሻል» ብላ እንደተቆጣቻት በስልክ ነገረችኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ገጠመኝ በኋላ ብዙ ሰው «አረመኔዎች ናቸው» እንድላቸው ይጠብቃል። ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ። ሪማ እናቴ ስትታመም ሆስፒታል አብራኝ ያደረች ልጅ ናት። ታንት ኖሃ ያን ጠዋት ግንባሬን የነካችበት እጅ የእናት እጅ ነበር፤ በዚያው እጅ ነው ቁልፉን ያዞረችው፣ ምንም ሳይታወቃት። ያስደነገጠኝ ይሄ ነው፤ ዛሬም ድንጋጤው አልወጣልኝም። ድሮ ሰው ደግ ነው የምለው ለእኔ ባደረገልኝ ነበር። አሁን ሰው ቤት ስጠራ፣ ለእኔ የሚቀርበውን ትቼ የሚያቀርበውን ሰው ነው የማየው። ስሙን እጠይቃለሁ፣ መቼ እንደሚወጣ እጠይቃለሁ። አስቸጋሪ እንግዳ ሆኛለሁ፤ የሚጠሩኝም ቀንሰዋል። እናንተም ብትሞክሩት ግብዣ ይቀንስባችኋል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

ሪማ ከወራት በኋላ ደወለችልኝ። ብዙ አለቀሰች፣ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ከልቧ ነበር። እኔም ይቅር ብያታለሁ አልኳት። ልንሰነባበት ስንል ደስ ብሏት፣ ለማማ አዲስ ልጅ እንደመጣችላት፣ ከኬንያ እንደሆነች፣ ጎበዝ እንደሆነች ነገረችኝ።

«በሩስ?» አልኳት።

«ኧረ አሁን ተለውጠናል፣ ሰላም» አለችኝ። «የምንቆልፈው እስክትለምድ ድረስ ብቻ ነው።»